ከመጋረጃው ማዶ ማን አለ? የተሸፈነ ፊት፣ ሥልጣንና ቀልድ



ወደ ኩየራ ስለ ነገሥታት ልናገር መጥቼ ንግግሬን በቪዲዮ ጌም መጀመሬ እንዳይገርማችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ሄሎ» የተሰኘ ጌም ጀግና ማስተር ቺፍ ፊቱን በራስ ቁር ሸፍኖ ይዋጋል። በጨዋታው ፍጻሜ ቁሩን ሲያወልቅ እንኳ ካሜራው ፊቱን አያሳይም። ዕይታውን በዘዴ ያዞሩ ተጫዋቾች ያገኙትም ፊት ሳይሆን ከቁሩ ሥር ሌላ ቁር ነበር። ይህ የጌሙ ሠሪዎች ቀልድ ነው፤ ተጫዋቹም ይስቃል። በቀልዱ ውስጥ ያለው ጥያቄ ግን ጥንታዊ ነው፦ ከሽፋኑ በታች በእርግጥ ሰው አለን?

በአገራችን ይህ ጥያቄ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲደርሱ ንጉሡን ወዲያው አላዩም፤ ከመጋረጃ ወዲህ ቆመው በአማላጅ ቃል ተለዋወጡ። በኋላ ፊት ለፊት ሲቀርቡም፣ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ የንጉሡን አፍና ጢም የሸፈነ ሰማያዊ ሐር አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ ይል ነበር።

አልቫሬዝ አንድ የሰማውን ነገርም ይተርካል። ንጉሡ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በልደት፣ በፋሲካና በመስቀል፣ ለሕዝብ ይታያሉ። ምክንያቱም ቀድሞ ዐፄ እስክንድር ሲሞቱ አሽከሮቻቸው ሞታቸውን ሦስት ዓመት ደብቀው በስማቸው ገዝተዋል፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ስለ ጠየቀ ዐፄ ናዖድ መታየት ጀመሩ።

ይህን ምስክርነት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። አልቫሬዝ እስክንድርን የልብነ ድንግል አያት ይላቸዋል፤ አጎታቸው ነበሩ። እስክንድር የሞቱትም፣ ናዖድ የነገሡትም እ.ኤ.አ. በ1494 ስለ ሆነ ሦስቱ ዓመታት ቦታ የላቸውም። ሆኖም ወሬው ሐሰት ቢሆን እንኳ የተናጋሪዎቹን ስጋት በእውነት ይገልጣል፤ የማይታይ ፊት ለሌላ ገዢ መሸሸጊያ ይሆናል።

ስጋቱም ከንቱ አልነበረም። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ከአደባባይ ርቀው ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ሞታቸው ለሕዝብ አልታወጀም። በአደባባይ ያልታወጀው ሞት ለሥልጣን ሽኩቻ ጊዜ ሰጠ።

አሁን ወደ ጌሙ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 የ«ሄሎ» ተከታታይ ፊልም ገና በመጀመሪያው ክፍል የማስተር ቺፍን ፊት ሲገልጥ ብዙ ወዳጆቹ ቅር ተሰኙ። ለምን? ተጫዋቹ ከቁሩ በታች ያለው እርሱ ራሱ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ፊት ሲወጣ ቦታውን ይነጠቃል። በዚህ ምክንያት ፊቱ ተሸፍኖ እንዲቀር ይሻል፤ ባዶነቱም ያስቀዋል።

ተገዢ ግን ከመጋረጃው ማዶ አይደለም። ማን እንደሚገዛው ካላየ ማንን እንደሚከስ፣ ለማን እንደሚያመለክት አያውቅም። ስለዚህ ያንዱ ቀልድ ለሌላው አቤቱታ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ የታሪክ ምንጭ ስታነቡ «ንጉሡ አዘዘ» የሚል ቃል ባገኛችሁ ቁጥር ያን አቤቱታ አስታውሱ፤ ያዘዘውን ማን አየው ብላችሁም ጠይቁ።