የመንዝ ቡዳና የባለ እጆች ዕዳ

በሰሜን ሸዋው ደጋ በመንዝ ይነገር የነበረው ታሪክ እንዲህ ነው። ቡዳ የተመኘውን ሰው በዓይኑ ይወጋዋል፤ የተወጋው ታሞ ይሞታል። ከተቀበረ በኋላ ቡዳው በሌሊት ሄዶ አስከሬኑን ያወጣና ነፍስ ዘርቶበት ባሪያው ያደርገዋል። እንግዳ ሲመጣበት ባሪያውን በአርጩሜ ነካ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የሸክላ ድስት ሆኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል። እንግዳው ሲወጣ ዳግመኛ ይነካዋል፤ ሰው ሆኖ ይነሣና ሥራውን ይቀጥላል። ቤተ ዘመድ ሙታኑን ከዚህ ለማዳን የቤተ ክርስቲያኑን መቃብር አርባ ቀን መጠበቅ ነበረበት።

አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ሬሚኒክ ይህን ከመንዝ ሰዎች ሰምቶ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አስፍሮታል።

በዚያው ዘመን አካባቢ አሜሪካኖች ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን ሌላ የመቃብር ታሪክ ይከታተሉ ነበር። ኤቢሲ ከ1966 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ባስተላለፈው «ዳርክ ሻዶውስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ፣ ጌጥ ፍለጋ መቃብር የከፈተ ሌባ ደም መጣጩን ባርናባስ ኮሊንስን ከሬሳ ሣጥኑ ያስወጣዋል። የድራማው ፈጣሪ ዳን ከርቲስ ታሪኩን በ1970 እ.ኤ.አ. አስፈሪ ፊልም አደረገው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቲም በርተን ጆኒ ዴፕን ይዞ እንደገና ሠራው። ተመልካቹ በሦስቱም ጊዜ ፈርቶና ተደንቆ ወደ ኑሮው ተመልሷል። ባርናባስ ደራሲ የፈጠረው ሰው ስለሆነ በዚህ ሁሉ ፍርሃት የተጎዳ ጎረቤት የለም።

የመንዙ ታሪክ ግን ተከሳሽ ነበረው፤ ያውም ስሙና ቤቱ የሚታወቅ። ቡዳ ተብለው የሚጠረጠሩት በአብዛኛው ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቆዳ ፋቂዎች ነበሩ። ቀን በእጃቸው ሥራ ያድራሉ፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ይወጣሉ ይባል ነበር። ሬሚኒክ ከሰማቸው ታሪኮች አንዱ ነገሩን እስከ ሔዋን ያደርሰዋል፦ ሠላሳ ልጆች ወልዳ ፈጣሪ ሲጠይቃት ግማሾቹን ደበቀች፤ የቡዳ ዘር ከተደበቁት ወገን ሆነ።

የሚያሳዝነው፣ ያለ እነዚህ ሰዎች በዚያ ደጋ አንድ ክረምት ማለፍ የማይቻል መሆኑ ነው። ብረት ቀጥቃጩ ወናፉን እየነፋ ከሰሉን ያቀላል፤ የደነዘውን ማረሻ በጉጠት ይዞ ከእሳቱ ያወጣና ጫፉ እስኪሾል በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ገብስ የሚዘራው ገበሬ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ሚስቱ የሠራችው እንስራ ውኃ ይቀዳበታል፣ ምጣዷ እንጀራ ይጋገርበታል። ገበሬው በዕቃው ይገለገላል፤ ልጁ ሲታመምበት ግን ጥርጣሬው ወደ ዕቃው ሠሪ ይሄዳል። ሟቹ በተረቱ ውስጥ የሸክላ ድስት መሆኑም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ነው።

ክሱ የሚቀርብበት ሥርዓትም ነበረው። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ጭስ ይታጠናል፤ ከዚያ «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» እየተባለ ይጠየቃል። ሲለፈልፍ የበላውን ሰው ስም ይጠራል ተብሎ ይጠበቃል። ስሙ አንዴ ከወጣ የተጠራው ሰው መከላከያ የሚያቀርብበት ቦታ አልነበረም።

ሬሚኒክ የእምነቱን ሥር የፈለገው በመሬትና በምቀኝነት ውስጥ ነው። ርስት የማዕረግና የእንጀራ ምንጭ በነበረበት አገር ወንድም ከወንድሙ በመሬት ይፎካከራል። ርስት የሌለው ባለ እጅ ደግሞ የሌላውን ሀብት፣ መልክና ልጅ በክፉ ዓይን ያያል ተብሎ ይታሰባል። በዘመዳሞች መካከል በግልጽ ሊነገር ያልቻለው ፍርሃት በእርሱ ላይ ተጫነ።

ነውሩ ቤተ መንግሥት ድረስ ተሰምቷል። በሸዋ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ ሙያ የሚያዋርድ ሰው አገሪቱን ሥራ እንደሚያሳጣት ገልጸው ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የርስትን ሥርዓት አፍርሶ፣ ራሱ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት የማግኘት መብት ሰጠ። ቢሆንም የቡዳነቱ ስም ከአዋጆቹ በላይ ዕድሜ አገኘ። በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች፣ ብዙዎቹ መነሻቸውን ከሰሜን ሸዋ የሚቆጥሩት፣ ይህን ስም ከእነሙያቸው ከተማ ድረስ ተሸክመውት መጥተዋል።

ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ካየች ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ የምድጃ ዳር ተረት ወደ ስክሪን መሸጋገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የመንዝ ቡዳም ለአስፈሪ ፊልም የሚያስፈልገው ሁሉ አለው፦ ብርዳማ ሌሊት፣ የድንጋይ ቤት፣ የሚጠበቅ መቃብር፣ የጅብ ድምፅ። ይሁንና ጅብ የሆነውን ሰው ብቻ የሚያሳይ ፊልም የድሮውን ክስ በአዲስ መሣሪያ ይደግመዋል። ታሪኩን የሚያድስ ደራሲ፣ በሽተኛው ለፍልፎ ስም በጠራባት ሌሊት ካሜራውን ይዞ ወደ ተጠራው ሰው ቤት መግባት አለበት። ብረት ቀጥቃጩና ሚስቱ ልጆቻቸውን ይዘው በሩን ሲዘጉ፣ በማግሥቱ ማረሻ ሊያሾል የሚመጣው ጎረቤት ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳያውቁ ያደሩበት ፍርሃት የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው።