ጎረቤት ወለድ ንፅፅር

«ኮምፒውተር ላይ ደማቅ ነበር፤ አልበሙ ላይ ጠቆረ» የሚል ቅሬታ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወቀሰው ማተሚያ ቤቱ ነው። የስክሪኑ ብርሃን በዝቶም ሊሆን ይችላል። ፎቶው ኤዲት ሲደረግ ዙሪያውን የከበበውን ቀለም ግን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

በዙሪያ ያለ ቀለም የሚፈጥረው የዚህ የዕይታ ለውጥ የእንግሊዝኛ ስም ሳይመልቴኒየስ ኮንትራስት ነው። እኔ «ጎረቤት ወለድ ንፅፅር» ብለው ይሻለኛል፤ ውኃ ወለድ በሽታ እንደምንለው፣ መንስኤውን በስሙ ይናገራል። ዓይን አንድን ቀለም ለብቻው አይመዝንም። ያው ግራጫ ጥቁር መደብ ላይ ይፈካል፣ ነጭ መደብ ላይ ይጠቁራል፣ ቀይ ሲከበው ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ይህን በሥርዓት ያጠናው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩዤን ሼቭረል ነው። በፓሪሱ የጎብላን ሽመና ፋብሪካ የቀለም ነከራ ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ቢመረምረው ክሩ እንከን አልነበረውም፤ ያደበዘዘው አብሮት የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። ግኝቱን በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ።

ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ በጥምቀት ዕለት የተነሳ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ፎቶ ይክፈቱ። በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ግራጫ ነጠላውን ያበራዋል፤ ጥላ ያረፈበት ፊትም በቂ ብርሃን ያገኘ ይመስላል፣ ስለዚህ ብርሃን መጨመሩን ቶሎ ያቆማሉ። አሁን ከምስሉ ውጭ ባለው ባዶ ቦታ ራይት ክሊክ አድርገው ነጭን ይምረጡ። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ፊቱም ይጨልማል። የፎቶውን የብርሃን ሥርጭት የሚያሳየው ግራፍ፣ ሂስቶግራሙ፣ ግን ቅንጣት አልተነቃነቀም! የአልበሙ ገጽ ነጭ ከሆነ ደንበኛው የሚያየው ይህንኑ ነው።

መሥሪያው መደብ መካከለኛ ግራጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው እኩል 119 አካባቢ የሆነ። ባለቀለም የዴስክቶፕ ሥዕል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ የሰው ቆዳ ከልክ በላይ ብርቱካናማ ይመስልና ያለ ጥፋቱ ይቀዘቅዛል። ሥራው ሲያልቅ ፎቶው የሚቀርብበትን መደብ አስመስሎ አንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

ለዕይታ ሲቀርብ ግን ግራጫ ግዴታ አይደለም። የሌሊት ፎቶ በጥቁር መደብ ያምርበታል። ነጠላና ጋቢ የበዛበትን ፎቶ ነጭ ገጽ ላይ ከማሳረፍ በፊት ግን ዙሪያውን ቀጭን ግራጫ ጠርዝ ቢያበጁለት፣ የልብሱ ንጣት ከወረቀቱ ጋር አይፎካከርም።