ከሰዓታት የወጡት መዝሙራት፦ የቁጣ ጸሎት ቦታ በክርስቲያን አምልኮ

ስለ ብሉይ ኪዳን አስቸጋሪ ክፍሎች የተጻፈው ብዙ ነው። ማርቅያን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብሉይን ከነአካቴው ጣለ፤ አዶልፍ ፎን ሃርናክ ስለ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው መጽሐፍ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ብሉይን በቀኖናዋ ይዛ መቆየቷን እንደ ድንዛዜ ቆጠረው። ለሁለቱም በቂ መልስ ተሰጥቷል። የእኔ ሙግት መጽሐፉን በክብር ተቀብሎ ከጸሎት ግን ከቀነሰው ውሳኔ ጋር ነው።

የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ የሰዓታት ጸሎቷን ስታድስ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው አጠቃላይ መመሪያ (አንቀጽ 131) መዝሙር 57፣ 82 እና 108 ሙሉ በሙሉ እንዲቀሩ አደረገ፤ በግእዙ ዳዊት አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ከሌሎች መዝሙራትም የእርግማን ቁጥሮች ወጡ። የተሰጠው ምክንያት ሥነ ልቡናዊ ችግር ነው። ይኸው አንቀጽ ግን የእርግማን ጸሎት በአዲስ ኪዳንም እንዳለ አምኖ ራእይ 6፥10ን ይጠቅሳል። ከመሠዊያው በታች ያሉት ሰማዕታት የሚጸልዩትን ጸሎት በምድር ያለው ምእመን የማይችለው ለምንድን ነው? አንቀጹ አይመልስም።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በመዝሙር 138 ላይ ነው። የወጡት ከ19 እስከ 22 ያሉት ቁጥሮች ናቸው፤ መዝሙረኛው ኃጥኣንን እንዲገድል እግዚአብሔርን የሚለምንበት፣ ጠላቶቹን በፍጹም ጥላቻ እንደሚጠላ የሚናገርበት ክፍል ነው። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ግን በቦታቸው ተትተዋል፤ እነርሱም እግዚአብሔር ልቡን እንዲመረምርና የክፋት መንገድ እንዳለበት እንዲያይ የሚለምኑ ናቸው። ሰውዬው ጥላቻውን በአፉ ተናግሮ ገና ሳይጨርስ ነው ራሱን ለምርመራ ያቀረበው። ጥላቻው ከወጣ የሚመረመረው ምኑ ነው? አርታኢዎቹ ጸሎቱን ያለሰለሱት መስሏቸው መርማሪውን አስቀርተው መዝገቡን ወሰዱበት።

መዝሙር 136ም እንዲሁ ሆኗል። የባቢሎን ወንዞች ዳር ልቅሶ ተነበበ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ወጡ። ሕፃናትን በዓለት ላይ ስለመፈጥፈጥ የሚናገረው ቁጥር ለማንም ይከብዳል፤ ለእኔም ይከብደኛል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር ባቢሎን በእኛ ላይ እንዳደረገችው ይደረግባት ይላል። ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 2 በኢየሩሳሌም አደባባይ በእናቶቻቸው እቅፍ የሞቱትን ሕፃናት ያሳያል፤ 2ኛ ነገሥት 25 ሴዴቅያስ ዓይኑ ከመውጣቱ በፊት ልጆቹ ፊቱ መታረዳቸውን ይመዘግባል። ሕፃናቱን የክፉ ሐሳብ ምሳሌ ያደረገው የኦሪጎን ትርጓሜ ለነፍስ ይጠቅም ይሆናል፤ እነዚህን ልጆች ግን አይቀብርም።

በዚህ ክርክር ውስጥ እምብዛም የማይነሳ ምስክር አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የሚደግም ሰው ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ያደርሳል። ስለዚህ 57ን ማክሰኞ፣ 82ንና 108ን ሐሙስ፣ 136ንና 138ን ቅዳሜ ያገኛቸዋል። ተበድሎም ይሁን በሰላም አድሮ፣ ድርሻው ያው ነው። የራሱ ቁጣ በሌለበት ቀን የሌላውን የተበዳይ ቃል በአፉ ይዞ ይቆማል። ይህ ልማድ ብቻውን ክርክሩን ይዘጋል አልልም፤ ሥነ ልቡናዊ ችግር የተባለው ግን የማይቀር አለመሆኑን በሚገባ ያሳያል።

የእርግማን ጸሎት ጠላትን ውደዱ ከሚለው ትእዛዝ ጋር ይጋጫል ለሚለው ተቃውሞ መልሱ ቀላል ነው፦ ትእዛዙ ተበዳዩን ዝም በል አላለውም፤ ጳውሎስም በሮሜ 12፥19 በቀልን ለእግዚአብሔር ተዉ ሲል የሚተው በቀል እንዳለ አምኖ ነው። በ108 ያለው እርግማን የጠላቶቹ ንግግር እንጂ የመዝሙረኛው አይደለም ለሚሉትም፣ ጴጥሮስ በሐዋርያት ሥራ 1፥20 ያንኑ መዝሙር ስለ ይሁዳ መጥቀሱ ይበቃል።

ጀርመናዊው የሥነ መለኮት ሊቅ ዲትሪክ ቦንሆፈር ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ፓስተር ማርቲን ኒሞለር በናዚዎች በታሰረ በአሥረኛው ቀን፣ ሐምሌ 11 ቀን 1937 እ.ኤ.አ.፣ ለሴሚናር ተማሪዎቹ በእርግማን መዝሙር ላይ ሰበከ። በቀልን ለእግዚአብሔር አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ራሱ ሊበቀል እንደማይነሳ፣ መዝሙሩንም ያለ በደል መጸለይ የሚችለው ክርስቶስ ብቻ እንደሆነ አስተማራቸው። የሰበከበት መዝሙር 57 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ ከሰዓታት ሙሉ በሙሉ ከወጡት ሦስቱ አንዱ።