ከነጋሪት እስከ ኢንተርኔት፤ ከሐይቅና ከአምባሰል በኩል የታየ የጋዜጣ ታሪክ

በዛሬው ጊዜ በየአገሩ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወሬ ሁሉ በኢንተርኔት ወዲያው የሚደርስ ከሆነ በወረቀት ለሚታተም ጋዜጣ ምን ሥራ ይቀርለታል የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር ዘ ኢንዲፔንደንት የተባለው ጋዜጣ በ2008 ዓ.ም. በወረቀት መታተሙን ትቶ በኢንተርኔት ብቻ መውጣት ጀመረ። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ታይምስ ወረቀቱን ሳይተው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንተርኔት ገጹን አዘውትረው የሚያነቡትን ዋጋ ማስከፈል ያዘ። በአገራችንም ጋዜጦች የየራሳቸውን መንገድ ሲፈልጉ ቆይተዋል።

እኛ ይህን ነገር ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሐይቅና ከአምባሰል ቆመን ልንመረምረው አስበናል። ምክንያታችንም ይህ ነው። ለሐይቅ ሰው የአዲስ አበባ ጋዜጣ ምን ጊዜም ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርስ እንግዳ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ጋዜጣ በፍጥነቱ ተወድዶ አያውቅም፤ ስለዚህ ጋዜጣ የሚፈለግበት ሌላው ምክንያት ጎልቶ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ያስታውስ።

ነጋሪትና ወረቀት

ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በአዋጅ ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል። ከዚያ በኋላ ወሬው ከገበያተኛው ጋር ወደየመንደሩ ይሄዳል። አዝማሪውም በበኩሉ የሰማውንና ያየውን በዜማ ያደርሳል፤ ከአራቱ ታላላቅ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ተብሎ በዚህ አገር ስም መጠራቱ የታወቀ ነው።

የአዋጅ ጥቅሙ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መስማቱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ቃሉ ተነግሮ ማለፉ ነው። በገበያው ያልነበረ ሰው የሚያገኘው ሌላው የነገረውን ብቻ ነው፤ ነገሩም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይጨመርበታል፥ ይቀነስበታል። በ1934 ዓ.ም. ሕጎች የሚታወጁበት ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ይህ ስም ትልቅ ትምህርት አለው። አዲሱ መሣሪያ የድሮውን ክብር ለመውረስ ስሙን ተዋሰ፤ የድሮውን ጉድለት ግን በወረቀት ሞላ። ከዚያ ወዲህ «አዋጁ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ቁጥሩንና ቀኑን ጠቅሶ ገጹን መግለጥ ይችላል። ዛሬም የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ የሚወጣበት ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል፤ በአማራ ክልልም ለክልሉ ሕግ ማውጫ ዝክረ ሕግ የተባለ ጋዜጣ አለ። ነጋሪቱ ከገበያው ቢጠፋም ስሙ ከነሥልጣኑ በወረቀት ላይ ቆይቷል።

በሐይቅና በውጫሌ የቆዩ ጽሑፎች

ጽሑፍ ጠብቆ የማቆየት ልማድ ግን በዚህ አገር ከጋዜጣ እጅግ ይቀድማል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት መጻሕፍትን አሰባስበው ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። እርሳቸው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር፥ የርስትና የስጦታ ነገር፥ ሌላም ማስታወሻ በየዘመኑ ተጽፎበታል። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሆነ ማንም ደፍሮ አይፍቀውም ተብሎ ስለሚታመን፥ እንዲቆይ የተፈለገው ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ሰፈረ። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ስለ ሐይቅ አበምኔቶች በጻፉት ጥናት የገዳሙ ጽሑፎች ለታሪክ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ አሳይተዋል።

ሁለተኛው ማስረጃችን በአምባሰል ውስጥ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ። የውሉ አሥራ ሰባተኛ ክፍል በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት እርዳታ ለመጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፥ በኢጣልያንኛው ግን ይህን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ዳግማዊ ምኒልክም ውሉን በ1885 ዓ.ም. እንደ ሻሩት ለመንግሥታት አስታወቁ። ነገሩ እስከ ዐድዋ ጦርነት መድረሱን ሁሉም ያውቃል። እዚህ ላይ ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊነበቡ ባይችሉ ኖሮ የቃሉ ልዩነት ባልታወቀ ነበር። የአፍ ቃል ብቻ ቢሆን አንዱ «ብለሃል» ሌላው «አላልኩም» እየተባባሉ በቀሩ ነበር።

የጋዜጣ መምጣትና የ1966 ዓ.ም. ፈተና

በአማርኛ የመጀመሪያው ጋዜጣ አእምሮ በምኒልክ ዘመን በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይወጣ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ተቋቋመ። ኢጣልያ ከአገር ከወጣ በኋላ በ1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ተመሠረተ፤ በመጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወጣ የነበረው ኋላ ዕለታዊ ሆነ። እነዚህ ጋዜጦች ወደ ወሎ የሚሄዱት በመኪና መንገድ ስለ ነበር፥ በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ በየቤቱ ሲገባ ወሬን በመቅደም ጋዜጣን አሸነፈ። እንግዲህ ጋዜጣ ከእርሱ የፈጠነ ባላጋራ የገጠመው በኢንተርኔት ዘመን ብቻ አይደለም።

የጋዜጣ ትልቁ ውድቀት ግን ከፍጥነት ጋር የተያያዘ አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ሲመታ፥ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና፥ ይኸውም ሐይቅንና ውጫሌን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ፥ የተራበ ሕዝብ ወጥቶ ይታይ ነበር። ጋዜጦቹ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቍጥጥር ሥር ስለ ነበሩ የመከራውን ልክ አልተናገሩም። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከወሎ የመጡ ፎቶግራፎች ታዩ፤ ወሬውን ለዓለም የገለጠው ግን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ነው። ይኸው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት አልነበረም፤ አዲስ ዘመን የሚፎካከረው የግል ዕለታዊ ጋዜጣ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ የሐይቅ ሰው በበሩ ሲያልፍ ያየውን ነገር በጋዜጣው ላይ ሳያነበው ቀረ። ዐይኑ ያየውን ጋዜጣ ከካደው አንባቢ ሌላ ወሬ ነጋሪ መፈለጉ አይቀርም። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚወስደው የድሮው ሳይሠራ የተወውን ሥራ ነው።

በኢንተርኔት ዘመን የተያዙ መንገዶች

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሲወጣ የግል ጋዜጦች በዙ። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ወደ አገራችን ገባ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጦቻችን የያዙትን መንገድ በሦስት ከፍለን ልናየው እንችላለን።

አንደኛው ወረቀቱን ትቶ መሄድ ነው። አዲስ ነገር ጋዜጣ በ2002 ዓ.ም. ሲዘጋ አዘጋጆቹ ከአገር ወጥተው በኢንተርኔት ጽሑፋቸውን ቀጠሉ። አዲስ ስታንዳርድ የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሔትም በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ መታተሙን አቁሞ በኢንተርኔት ብቻ ቀረ። በሁለቱም ወረቀቱን ያስጣላቸው የአንባቢ መጥፋት ሳይሆን የጊዜው ሁኔታ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ሁለቱንም አጣምሮ መያዝ ነው። ሪፖርተርና አዲስ ዘመን ወረቀቱን ሳይተዉ የኢንተርኔት ገጽ አላቸው። በዚህ መንገድ ጋዜጣው በማይደርስበት ከተማ ያለ አንባቢም ጽሑፉን ያገኛል። ችግሩ ገንዘብ ነው፤ በኢንተርኔት የሚያነበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ለኅትመት የሚያስፈልገው ወረቀት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ ዋጋው ይንራል። በአራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ አከራይቶ ማስነበብ የቆየ ልማድ ነበር፤ ለአንባቢው ቢጠቅምም ለአሳታሚው የሚያስገባው ገቢ የለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ትንሽ ገንዘብ በስልክ መክፈል ስለ ተቻለ፥ የኒው ዮርክ ታይምስ ዓይነት ክፍያ በእኛም አገር ሊሞከር የሚችል ይመስለናል።

ሦስተኛው በአንድ ድርጅት ውስጥ መጠቃለል ነው። በ1987 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመሠረተችው በኩር ጋዜጣ ለዚህ ምሳሌ ናት። በኩርን የሚያሳትመው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሬዲዮም፥ ቴሌቪዥንም፥ የኢንተርኔት ገጽም አለው። የዕለቱን ወሬ እነዚያ ስለሚያደርሱት ሳምንታዊው ጋዜጣ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ለመጻፍ ጊዜ ያገኛል። ሕጉም ወደዚህ እየተጠጋ ሄዷል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በኢንተርኔት የሚሠራጨውንም ሚዲያ ከወረቀቱ ጋር አካትቶታል።

ግንኙነት በተቋረጠ ጊዜ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ኢንተርኔት ሁል ጊዜ ይኖራል በሚል ሐሳብ ነው። የወሎ ሰው ግን ሌላም ነገር አይቷል። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን፥ ሐይቅንና አካባቢውን ባዳረሰ ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ።

በ2014 ዓ.ም. በነበሩት በእነዚያ ሳምንታት ወሬ እንደ ጥንቱ ከመንገደኛ አፍ ወደ መጠየቅ ተመለሰ። ከአገር ውጭ ያለው ወገን በፌስቡክና በቴሌግራም ብዙ ነገር ይሰማ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም፤ ከቦታው የሚመልስለት አልነበረምና። መንገዱ ሲከፈት በየስልኩ የተነሣው ፎቶግራፍና የተጻፈው ማስታወሻ ወጣ። ይህ ሁሉ ዛሬ በግል ስልኮችና በግል ገጾች ተበትኖ ይገኛል። ስልኩ ሲሰበር፥ ገጹ ሲዘጋ ወይም ባለቤቱ ሲሰርዘው አብሮ ይጠፋል። ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈ የመጻሕፍት ዝርዝር ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ በሚነበብበት አገር፥ የትናንቱ ጦርነት የሕዝብ ማስታወሻ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይቆይ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ነገር ላይ የምናሳስበው ስለዚሁ ነው።

መደምደሚያ

አንባቢው «እንግዲህ ኢንተርኔት የመዝገብ ጠላት ነው ማለታችሁ ነውን?» ሊለን ይችላል። አይደለም። የሐይቁ ወንጌል ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በተካሄደው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ይህ ወንጌል ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ ቅጂው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ የተሰበሰቡትን ብራናዎች ዝርዝር በማዘጋጀት ደክመዋል። ዛሬ ያ ስብስብ በኢንተርኔት ይታያል። ብራናው በሐይቅ እንዳለ ምስሉ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ በሐይቅ ልጅ ስልክ ላይ ይመጣል። ይህ የሆነው ግን እያንዳንዱ ብራና ቁጥር ስለ ተሰጠው፥ ዝርዝሩ ስለ ተጻፈና ጠባቂ ስለ ተመደበለት ነው።

ጋዜጣም ከዚህ ሥርዓት ሊማር ይገባዋል። ወሬ በመቅደም ከስልክ ጋር መሽቀዳደም ትርፍ የለውም፤ በአምባሰል በኩል እንዳየነው በዚህ ጨዋታ ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ ተሸንፏል። የሚጠቅመው የተነገረውን አጣርቶ፥ የጸሐፊውን ስምና ቀኑን አስፍሮ፥ ስሕተት ሲገኝ እርማቱን ከስሕተቱ አጠገብ አኑሮ ማስቀመጥ ነው። ይህን ካደረገ በወረቀትም ቢወጣ በኢንተርኔት ጋዜጣ ነው፤ ካላደረገ ግን በወረቀት መታተሙ ብቻ ከገበያ ወሬ አያሻግረውም።

የታተመ ጽሑፍ ቅጂ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ በሕግ ተደንግጓል። ለኢንተርኔት ገጾችም ተመሳሳይ ሥራ ሊሠራ ይገባል። ለሐይቅና ለአምባሰል ግን ቅርቡ መንገድ በደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የታሪክ ተማሪዎቹ የ2014 ዓ.ም. ማስታወሻዎችንና ፎቶግራፎችን ከየባለቤቶቹ በፈቃድ ቢቀበሉ፥ ቀንና ቦታ እየጻፉ ቢያትሙና በኢንተርኔትም ቢያስቀምጡ፥ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉና ነገሩ ሳይረሳ የሚፈጸም ሥራ ይሆናል። ለሥራው ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሳይዘገይ መጀመር ነው።