የብር ወንበሩ የት ገባ?

የድሮ የመንግሥት መቀመጫ ልንጎበኝ ስንሄድ የምንፈልገው ነገር ያው ነው፤ ግንብ፣ ዙፋን፣ ከዚያ ፎቶ። ጎንደር ይሄን አሳምራ ትሰጣለች። አጼ ፋሲለደስ በ1636 ከቆረቆሯት ጀምሮ ነገሥታቱ የተከሏቸው ግንቦች ዛሬም ቆመዋል (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሰቆጣን ግን በዚህ ዓይን ካየናት ምንም ሳናይ እናልፋታለን። የጎንደርን የሚያህል ግንብ የላትም። የነበራት ወንበር ነው።

ከላሊበላ እንጀምር። ቱሪስቱ ሁሉ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ከዚያው ይመለሳል። ያሠሯቸው የዛጉዌ ነገሥታት ግን በ1270 ሥልጣኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር ጨርሰው አልጠፉም። ትውፊቱ እንደሚለው ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ዘውዱ ለይኩኖ አምላክ፣ ዋግ ደግሞ ለዛጉዌ ወራሾች። የዋግ ገዢ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥና የብር ነጋሪት የማስመታት መብት ተሰጠው። ሌላው መኳንንት በሚቆምበት አዳራሽ እሱ ይቀመጣል። ማዕረጉ "ዋግ ሹም" ነው። "ሹም" ሲባል የተሾመ ይመስላል፤ ሥልጣኑ ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር።

አንድ ወንበር ይህን ያህል ምን ያስወራል? የድሮው ቤተ መንግሥት ምን እንደነበር ካሰብን ብዙ ያስወራል። ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ነው የገዙት። በ1520ዎቹ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ሰፈሩ በሄደበት ሁሉ በዚያው ሥርዓት ይተከል ነበር። ማዕረጎቻችንም የቦታ ስሞች ናቸው፦ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጃዝማች በደጅ። እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝና በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ ሰርቨሩ ቦታ ቢቀይርም ሲስተሙ ያው ሲስተም ነው። መንግሥት ማለት ማን የት ይቆማል፣ ማን የት ይቀመጣል ማለት ነበር። የብር ወንበሩም በዚህ ሥርዓት ውስጥ የዋግ ቦታ ነው።

ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ከዘውዱ አጠገብ ከተቀመጡ በኋላ አንዱ ዘውዱን ራሱን ያዙት። ዋግ ሹም ጎበዜ አባታቸውን ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን አጼ ቴዎድሮስ ስለገደሉባቸው ሸፍተው ነበር። በ1868 ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ዳግማዊ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሦስት ዓመት ብቻ ቆዩ። በሐምሌ 1871 አድዋ አጠገብ አሳም ላይ የገጠሟቸው የገዛ ሚስታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም፣ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ነበሩ። የተክለ ጊዮርጊስ ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጣል፤ ካሳ ግን እንግሊዞቹ ከመቅደላ ሲመለሱ የሰጧቸው መሣሪያ ነበራቸው። ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው በእስር ሞቱ፤ ካሳም አጼ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ።

የዋግ ሥልጣን በሕንፃ ሳይሆን በሰው ላይ እንደሚያርፍ ጣልያኖችም የገባቸው ይመስላል። በ1937 ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግን አርበኞች ይዘው ሲነሱባቸው ገደሏቸው፤ ገድለውም አልተዉም፣ ራሳቸውን ቆርጠው ሕዝብ እንዲያየው አደረጉ። ፎቶው ዛሬም አለ። በመጨረሻ የ1974ቱ አብዮት ማዕረጉን ከነሥርዓቱ ዘጋው።

ታዲያ ሰቆጣ የሄደ ሰው ምን ይይ? ከከተማዋ ብዙ ሳትርቁ ከዓለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ታገኛላችሁ። የዋግ ሹሞች አስከሬን በሳጥን ያረፈው እዚያ ነው። የቤተ መንግሥት ጉብኝት በመቃብር ሲያልቅ ደስ ላይል ይችላል፤ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች እነሱ ናቸው።

ከዚያ ወደ ከተማው ተመለሱ። የዛሬዋ ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት፤ የራሱ ምክር ቤት አለው። ብዙዎቻችን ግን ስሟን የምናውቀው በ2015 መንግሥት ካወጀው "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ነው፤ እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ቃል። ስሟ የተመረጠው ድርቅና ረሃብ ደጋግሞ ስለጎዳት ነው። ገዢዋ በንጉሥ ፊት በብር ይቀመጥባት የነበረች አገር፣ ዛሬ የምትታወቀው በቂ ምግብ አጥተው ቁመታቸው በቀረ ልጆች ነው።

ብሩ ይመለስ የሚል የለም፤ የአንድ ቤተሰብ ወንበር ነበር። የዋግ ጥያቄ ግን አሁንም የወንበር ጥያቄ ነው፦ በጀት ሲከፋፈል፣ እህል ሲመደብ፣ መንገድ ሲታቀድ፣ ከዋግ የመጣው ሰው ይቀመጣል ወይስ ቆሞ ይሰማል? ሰቆጣ ከሄዳችሁ የምክር ቤቱንም አዳራሽ ሳታዩ አትመለሱ። ለፎቶ ባይመችም፣ የመንግሥት መቀመጫው አሁን እሱ ነው።