አምስት ኪሎዋ መኪና

አምስት ኪሎ ስንል የሙዚየሙን አጥር ወይም «አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ» እያለ የሚጮኸውን የታክሲ ረዳት እንዳታስቡ። ዛሬ የምናወራው ሚዛን ላይ ብትወጣ አምስት ኪሎ ገደማ ስለምትመዝን አንዲት የልብስ ስፌት መኪና ነው። ጥቁር ናት፤ ወገቧ ላይ የወርቅ ቀለም ጌጥ አላት፤ የራሷ ሻንጣም አላት። ስሟ ፌዘርዌይት ይባላል፤ ቦክስ የምትከታተሉ «የላባ ክብደት» ብላችሁ ተርጉሙት። የሞዴል ቁጥሯ 221፣ አሳዳጊዋ ሲንጀር፣ ትውልዷ አሜሪካ፣ ዘመኑ 1933 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ሲንጀርን የማያውቅ የለም። እኛም ሰፈር በረንዳ ላይ አንዷ ተቀምጣለች፤ በእግር የምትረገጥ፣ ጠረጴዛዋ ያረጀ፣ ድምጿ ግን ዛሬም ዝናብ እንደሚመታው ቆርቆሮ የሆነ። ዕድሜዋን ብንጠይቃቸው ሰፊው ሳቅ ብለው ከሁላችንም እንደምትበልጥ ነገሩን። እሷ ግን ከበረንዳው አትነሳም፤ የእንጀራ ገመድ ናት። ፌዘርዌይት ደግሞ በአንድ እጅ ተንጠልጥላ ጎረቤት ቤት ቡና ትሄዳለች። መመረት ካቆመች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗታል። ታዲያ ፋብሪካው ራሱ የረሳትን መኪና የአሜሪካ ሴቶች እስከ ዛሬ እየፈለጉ የሚገዟት፣ ዘይት የሚቀቧት፣ ለልጅ ልጅ የሚያወርሷት ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው ድሪቶ ውስጥ ነው።

አትሳቁ። ፈረንጆቹ «ኩዊልት» የሚሉት ብርድ ልብስ አለ። ላይኛው በትንንሽ የጨርቅ ቁራጮች የተገጣጠመ፣ መሐሉ ጥጥ፣ ታቹ ሌላ ጨርቅ፤ ሦስቱም አብረው የተሰፉ። እኛ ድሪቶ ስንል የተቀደደው ላይ የተለጠፈ፣ የተለጠፈው ላይ ደግሞ የተደገመ ማለታችን ነው፤ ቃሉም ከስድብ አይርቅም። ኩዊልት ከመነሻው ቁራጭ ለቁራጭ በንድፍ የሚታነጽ ስለሆነ ይለያል። የሁለቱም እናት ግን አንድ ናት፤ ጨርቅ አይጣልም የምትል ሴት።

እንግዲህ ይህ ሥራ ከመኪና የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ዚግዛግ አይፈልግም፣ አበባ አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ያለ ስፌት። ቁራጮቹ የሚጋጠሙት ከጠርዛቸው ሩብ ኢንች፣ ማለትም ስድስት ሚሊ ሜትር ከምናምን ገባ ብሎ ነው። በየመገጣጠሚያው አንድ ሚሊ ሜትር ቢጎድል ሃያ መገጣጠሚያ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጎደለ፤ ኮከቡ ኮከብ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ፌዘርዌይት ከቀጥታ ስፌት ሌላ አታውቅም። የምታውቀውን ግን አትስትም።

ወደ 1933 እንመለስ። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ ፈት የነበረበት ዓመት ነው። ሴቶች የዱቄትና የእንስሳት መኖ ጆንያ እየፈቱ ቀሚስና ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ነጋዴዎቹም ነገሩ ገብቷቸው ጆንያውን በአበባ እያተሙ መሸጥ ያዙ። በዚያው ዓመት ቺካጎ ከተማ «የእድገት ምዕተ ዓመት» የተባለ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሲርስ የተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት ከኤግዚቢሽኑ ጋር አያይዞ አገር አቀፍ የኩዊልት ውድድር አወጀ፤ የአንደኛው ሽልማት 1,000 ዶላር! በዚያ የችጋር ዘመን ይህ ብር ቤት የሚያቆም ነበር። ወደ 24,000 የሚጠጋ ኩዊልት ጎረፈ።

አሸናፊዋ ማርጋሬት ካደን የምትባል የኬንታኪ ሴት ሆነች። ኩዊልቱም ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለኤሊኖር ሩዝቬልት ተበረከተ። አጨብጭቡ? ቆይ፣ ገና ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የኩዊልት ታሪክ አጥኚዎች ሲመረምሩ፣ አሸናፊዋ በኩዊልቱ ላይ መርፌ እንኳን እንዳላሳረፈች ታወቀ። የሰፉት በክፍያ የቀጠረቻቸው ሴቶች ነበሩ። ከሽልማቱም አልደረሳቸውም። ያን ጊዜ አፋቸውን የያዙት ሥራው ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ኩዊልቱ ራሱ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።

ይህን ታሪክ ያነሳነው ሴትዮዋን ለማማት አይደለም። የስፌት መኪናም ታሪክ ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ ነው። የሰፋው እጅ ሌላ፣ የተጻፈው ስም ሌላ።

«ሲንጀር» የሚለው ስም የአይዛክ ሲንጀር ነው፤ ከመድረክ መድረክ ይዞር የነበረ ተዋናይ፣ በኋላ የማሽን ሠሪ። በ1851 የባለቤትነት መብት አወጣ። ከእሱ በፊት ግን በ1830ዎቹ ዋልተር ሀንት የተባለ አሜሪካዊ ዓይኗ ጫፏ ላይ በሆነ መርፌ የላይና የታች ክርን የሚያቆላልፍ መኪና ሠርቶ ነበር፤ መብቱን በጊዜው ሳያስመዘግብ ቀረ። ኤልያስ ሃው ደግሞ በ1846 አስመዘገበ። ሃው ሲንጀርን ፍርድ ቤት ገተረውና ረታው። በመጨረሻ በ1856 ትልልቆቹ አምራቾች መብታቸውን አንድ ላይ ሰብስበው ታረቁ። በዚያው ዓመት የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ብር መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ፍሪጅና ሶፋ «በየወሩ እየከፈልክ ውሰድ» የሚባለው ነገር አንዱ አያቱ ይህች መኪና ናት።

ፌዘርዌይትም ብትሆን ከሰማይ አልወረደችም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ስታንዳርድ የተባለ ሌላ ኩባንያ «ሶውሃንዲ» የምትባል ትንሽ ተንቀሳቃሽ መኪና አውጥቶ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ዝምድናቸውን አይክድም። የሲንጀር ብልሃት ቀላሉን የአሉሚኒየም አካል፣ የሚታጠፈውን ጠረጴዛና ትንሹን ሞተር አሳምሮ ማዋሃዱ ላይ ነው። ሌሎቹ የዘመኑ የብረት መኪኖች ከአስር ኪሎ በላይ ይመዝኑ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፌዘርዌይት በስኮትላንድም ተመረተች፤ ክላይድባንክ ከተማ በነበረው ግዙፍ ፋብሪካ። እዚያም የእጅ ታሪክ አለ። በ1911 ጣውላውን ይወለውሉ የነበሩ 12 ሴቶች ሥራ ሲጨመርባቸው እምቢ ብለው ቆሙ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 11,000 ሠራተኛ ተከተላቸው። አድማው ተሸነፈ፤ መሪዎቹም ተባረሩ። ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ። የባቡር ጣቢያው ስም ግን ዛሬም «ሲንጀር» ነው። የአሥራ ሁለቱን ሴቶች ስም የያዘ ጣቢያ የለም።

ፌዘርዌይትን ገበያው የጣላት ዚግዛግ የሚሰፉ መኪኖች ሲበዙ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ምርቷ ቆመ። በየጓዳው፣ በየቆጡ ተወረወረች። ያነሷት ኩዊልት ሰፊዎቹ ናቸው። በ1971 የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ኩዊልቶችን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቅል፣ በ1976 ደግሞ አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ የሴት አያቶች ሙያ ከተኛበት ነቃ። ማኅበራትና የሥልጠና ክፍሎች ተከፈቱ። ወደ ሥልጠና የሚሄድ ሰው ደግሞ በእጁ አንጠልጥሎ የሚሄደው መኪና ይፈልጋል። ያቺ የተጣለች አምስት ኪሎ ተፈለገች። በ2002 ደግሞ ጂስ ቤንድ በተባለች የአላባማ መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከሥራ ልብስና ከአሮጌ ጂንስ የሠሯቸው ኩዊልቶች በሂዩስተን ሙዚየም ታዩ፤ በ2006 በፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ። ድሪቶ ብለን የምንንቀው ነገር፣ የሰፊዎቹ ስም ከሥሩ ተጽፎ፣ ሙዚየም ገባ። ለቺካጎዎቹ ዝምተኛ ሴቶች የዘገየ ካሳ ነው ብንል ማን ይከሰናል?

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። ይህችን መኪና በእጃቸው ላስገቡ ወይም ከአያታቸው ለወረሱ (ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን በተለይ ስሙን) ጥቂት እንበል። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?

ስትገዙ መጀመሪያ ሆዷን እዩ። የታችኛውን ክር የሚይዘው ትንሽ የብረት ቤት በቦታው መኖሩን አረጋግጡ፤ እሱ ከጠፋ ለብቻው መግዛት ኪስ ይጎዳል። ሽቦዋን በጣታችሁ እጠፉት፤ ልባሱ ከተሰነጠቀ ስፒናውን ሳትሰኩ ባለሙያ ያሳዩ። መርፌዋ ክር የሚገባባት ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ በተለመደው መንገድ ከፊት ወደ ኋላ ያስገባ ሰው አልሰፋ ብላው ሲረግማት ይውላል። ስፌት ስትጀምሩ ሁለቱንም የክር ጫፎች ወደ ኋላ ያዙ፤ አለበለዚያ ክሩ ከታች ገብቶ ይተበተባል። ከጥርሶቹ ሥር የሚከማቸውን የጨርቅ ብናኝ በብሩሽ ጥረጉ። የሚንቀሳቀሱ ብረቶቿን በስፌት መኪና ዘይት አንድ አንድ ጠብታ አጠጡ። የምግብ ዘይት? በፍጹም! ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ሞተሯ ደግሞ ዘይት አይወድም፤ ለእሱ የተሠራ ግራሶ አለ። ችንጋዋን አታጥብቁባት፤ ሞተሩ ይጨነቃል። ለዚህ ሁሉ አንድ ካቻቢቴ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንጨምር። የአሜሪካዋ ፌዘርዌይት የምትጠጣው 110 ቮልት ነው፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ 220። ከዋሽንግተን ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ አምጥታችሁ ያለ ትራንስፎርመር ብትሰኳት፣ ጦርነትና ፋሽን ያልገደላትን መኪና በአንድ ሰከንድ ትገድሏታላችሁ።

ታዲያ የመኪናዋ ባለቤት ማን ነው? ደረሰኙ የገዛውን ሰው ይላል። ታርጋው ሲንጀር ይላል። እኛ ግን ሻንጣውን ከፍታ፣ ብናኙን ጠርጋ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ ስትሰበር ለምን እንደተሰበረች የምታውቀው ሴት ናት እንላለን። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ባትሪው ሲደክም እንኳን ለመክፈት የሚያስቸግር ነው፤ ከፈልንበት እንጂ ባለቤቱ ስለመሆናችን እንጃ። የበረንዳዋ ሲንጀር ግን ሰፊያችን እየፈቱ እየገጠሙ እዚህ አድርሰዋታል። ስማቸው የትም አልተጻፈም። ነገ ሱሪ ልታሳጥሩ ስትሄዱ ቢያንስ እናንተ ስማቸውን ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።