በአንድ ጎዳና ላይ ያሉ ሁለት ሙዚየሞች

ከሚዙሪ ወንዝ አጠገብ ካለችው ከኢንዲፔንደንስ ከተማ ተነሥቶ እስከ ዊላሜት ሸለቆ ይደርስ የነበረው የኦሬጎን ጎዳና ርዝመቱ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በ1843 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) አንድ ሺህ ያህል ሰዎች በአንድነት ተጓዙበት። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ በ1869 የባቡር ሐዲድ ምሥራቁን ከምዕራቡ እስኪያገናኝ ድረስ፥ በዚህና ከዚሁ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ዩታ በሚገነጠሉት መንገዶች ከ300,000 የማያንስ ሕዝብ እንደ ፈለሰ ይገመታል። ይህን ፍልሰት የሚያሳዩ ሙዚየሞች አያሌ ናቸው። በምሥራቅ ኦሬጎን፥ በዚያው በጥንቱ ጎዳና ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የቆሙትን ሁለቱን ማስተያየት ግን ለታሪክ ተማሪ ልዩ ጥቅም አለው።

አንደኛው በቤከር ከተማ አጠገብ በፍላግስታፍ ኮረብታ ላይ በ1992 የተከፈተው የፌዴራሉ መንግሥት ሙዚየም ነው። ጎብኚው እንደ ገባ በሰውና በበሬ ትክክል የተሠሩ ምስሎች፥ በሸራ የተሸፈኑ ሠረገሎችን አጅበው ያገኛል፤ ከኮረብታው ግርጌም የእውነተኞቹ ሠረገሎች መንኰራኵር ያረሰው ፈለግ እስከ ዛሬ ይታያል። የተጓዡ መከራ በደንብ ተገልጧል። ሠረገላው ዕቃ እንጂ ሰው ለመጫን አይበቃም ነበርና፥ አብዛኛው ሰው ከአራት እስከ ስድስት ወር በእግሩ ሄደ። ብዙውን የገደለው ኮሌራ ነው፤ በወንዝ መስጠምና የገዛ ጠመንጃ መባረቅም ሰው ይፈጅ ነበር። ሲኒማ ያስለመደን የቀስት ውጊያ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ጆን ኡንሩህ የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1979 በታተመው መጽሐፉ እንደ ቈጠረው፥ ከ1840 እስከ 1860 በአገሩ ተወላጆች እጅ የሞቱት ተጓዦች 362፥ በተጓዦች እጅ የሞቱት ተወላጆች ደግሞ 426 ናቸው። እንዲያውም ተወላጆቹ መንገድ ይመሩ፥ ወንዝ ያሻግሩ፥ ፈረስና ምግብ ይሸጡ ነበር።

ሙዚየሙ ስለ ተወላጆቹ የሚናገር ክፍል አለው። የሆነ ሆኖ ጎብኚውን የሚያስጉዘው ከሠረገላው ጋር ነው፤ አገሩንም በተጓዡ ዓይን ያሳየዋል። በአማርኛ እነዚህን ሰዎች «አቅኚዎች» እንላቸዋለን። አገር አቀና ሲባል አገሩ ቀድሞ ጠማማ ወይም ባዶ ነበረ ማለት ነው፤ ቃሉ ገና ሲነገር ፍርዱ አልቋል። (ይህ ቃል በራሳችን ታሪክ ውስጥም ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ እሱ ግን ሌላ ጥናት ይፈልጋል።)

ሁለተኛው ሙዚየም ታማስትስሊክት ይባላል፤ ትርጓሜው በዋላ ዋላ ቋንቋ «መተርጐም» ነው። ካዩስ፥ ዩማቲላና ዋላ ዋላ የተባሉት ነገዶች በፔንድልተን አጠገብ በራሳቸው ክልል በ1998 ከፈቱት። እዚህ ጎብኚው የሚቆመው ሠረገላው ሲመጣ ከሚያዩት ሰዎች ጋር ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማረ ሰው የዶክተር ማርከስ ዊትማን ታሪክ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዊትማንና ባለቤቱ ናርሲሳ በ1836 በካዩሶች አገር ሚሲዮን አቋቋሙ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጓዦች ያርፉበት ነበር። በ1847 ኩፍኝ ገባ። ሐኪሙ ሁሉንም ቢያክምም የነጮቹ ልጆች በብዛት ሲድኑ የካዩሶቹ አለቁ፤ በሽታውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰውነት አልቻለውምና። በካዩሶች ልማድ ደግሞ በሽተኛው የሞተበት ባለ መድኃኒት በሕይወቱ ሊጠየቅ ይችል ነበር። በኅዳር ወር ዊትማንንና ባለቤቱን ጨምሮ 13 ሰዎች ተገደሉ፤ በ1850 አምስት ካዩሶች በኦሬጎን ሲቲ ተሰቀሉ። የሚሲዮኑን ደግነት ማመንና የካዩሶቹን ሐዘን መረዳት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንደኛውን ወገን ብቻ የሰማ ሰው «ጭፍጨፋ» ከሚለው ቃል አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ ክርክሩን የሚቈርጠው የዓመታቱ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። በዚያው በ1850 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ፥ ኦሬጎን ለገባ ነጭ ባልና ሚስት 640 ኤከር መሬት በነጻ ተፈቀደ፤ በቀድሞው የአገራችን ልኬት ስድስት ጋሻ ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ሦስቱ ነገዶች መሬታቸውን በውል የለቀቁት ግን በ1855 ነው። ስለዚህ ሕጉ ለሰፋሪ ከፈቀደው መሬት የእነርሱ የሆነው ገና አምስት ዓመት የባለቤቶቹ ነበረ። በውሉ የተለቀቀው 6.4 ሚሊዮን ኤከር ሲሆን፥ ሙዚየሙ የቆመበት የዛሬው ክልል 172,000 ኤከር ያህል ነው።

የታማስትስሊክት አዳራሾች ስማቸው «ነበርን»፥ «አለን»፥ «እንኖራለን» ነው። ሦስተኛው ስለ ነገዶቹ መጪ ዘመን ይናገራል፤ የጎዳና ሙዚየም ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ማግኘት ብዙ የተለመደ አይደለም።